የጸዳው ጠረጴዛ

አንድ የኮምፒውተር ጠጋኝ ነበረ። ስለ እሱ ከመናገሬ በፊት ግን ትርሲት፣ የጠየቅሽኝን በትክክል ሰምቼሽ እንደሆነ ልድገመው፤ በኋላ ሽማግሌው ግማሹን ሰምቶ ሙሉውን መለሰልኝ እንዳትዪ። አንዲት ተማሪ አለችሽ። ክፍል ውስጥ ስትጠሪያት ዝም ትላለች፤ አንዳንዴማ ጭራሽ የሰማችሽ አትመስልም። ቢሮ ጠርተሽ ብቻዋን ስትጠይቂያት ግን ጥርት አድርጋ ትመልሳለች። ርዕሰ መምህሩ «ትችላለች፤ ንቃን ነው» ብሎ ስሟን ከሚሰናበቱት ጋር ጽፎታል። አርብ የአንቺን ፊርማ ይፈልጋል። «ጋሼ፣ ልፈርም ወይስ ልተው?» አልሽኝ። እንግዲህ ተቀመጪ። የማወራሽ ስለ አንድ ማይክሮፎን ነው።

በአንድ ከተማ ዓይነ ስውራን ተማሪዎች መጻሕፍት የሚያደምጡበት ቤት ነበረ። ቤቱ አንዲት የመቅጃ ክፍል፣ አንድ ኮምፒውተርና አንዲት አንባቢ ነበረው። አንባቢዋ ማይኩ ፊት ተቀምጣ የትምህርት መጻሕፍቱን ጮክ ብላ ታነባለች፤ ኮምፒውተሩ ይቀዳል፤ ተማሪዎቹ ቅጂውን ወስደው ያጠናሉ። ሌላ መንገድ አልነበራቸውም። እሷ ያላነበበችው ምዕራፍ ለእነሱ እንዳልተጻፈ ነው። ድምጿ ደግሞ ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ነበር። ስለ ማዳበሪያ ስታነብ እንኳ አላፊ አግዳሚው በሩ ላይ ቆሞ ያደምጣት ነበር።

ፈተናው አሥራ ሁለት ቀን ሲቀረው ከታሪክ መጽሐፉ ገና አራት ምዕራፍ ይቀር ነበር። በዚያ ቀን አንባቢዋ አንድ ሰዓት ሙሉ አንብባ ቀና ስትል ስክሪኑ ላይ «የድምፅ መሣሪያ አልተገኘም» የሚል ጽሑፍ አየች። ያነበበችው ሁሉ የትም አልገባም። ማይኩ ያው ዩኤስቢው ላይ እንደተሰካ ነው፤ ገመዱን ማንም አልነካውም። ነቅላ ብትሰካው ተመለሰ። ደስ ብሏት እንደገና ከመጀመሪያው አነበበች። በማግሥቱ መሀል ላይ እንደገና ጠፋ፤ ከዚያም ወዲህ በቀን ሁለቴ ሦስቴ እየጠፋ ልቧን አወለቀው።

የቤቱ ኃላፊ ጠጋኝ አስጠራ። የእኛ ሰውዬ ገና አልመጣም፤ ይኼ ሌላ ነው። መቼም እንግዳ ይመጣል ሲባል ምን እንደምናደርግ ታውቂያለሽ። አንባቢዋ ክፍሉን ጠረገች፤ ጠረጴዛው ላይ የተዝረከረከውን ገመድ ሁሉ ሰብስባ መሳቢያ ውስጥ ከተተች፤ ሲፒዩውን ወለወለች፤ ማይኩን ነቅላ አቧራውን አራግፋ መልሳ ሰካችው፤ ከሥሩም ንጹሕ ዳንቴል አነጠፈችለት። ጠጋኙ ቁጭ ብሎ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» አለ። ማይኩ ሰማ። «ምንም የለበትም» ብሎ ተነሥቶ ሄደ። ከሰዓት በኋላ ማይኩ ጠፋ።

ሁለተኛ ጠጋኝ መጣ። ክፍሉ ተጠረገ፤ ገመዱ መሳቢያ ገባ፤ ማይኩ አሁንም ሰማ። ይኼኛው ግን ምንም ሳይሠራ መሄዱን አልወደደውም። ኮምፒውተሩን ፎርማት አደረገው። ውስጡ ምን እንዳለ አልጠየቀም፤ በዚያ ሁሉ መከራ የተቀዳ አንድ ምዕራፍ አብሮ ድራሹ ጠፋ። በማግሥቱ ማይኩም እንደ ልማዱ ጠፋ።

ኃላፊው ክፉ ሰው አልነበረም፤ ጨንቆት ነበር። በየቀኑ ተማሪዎቹ እየመጡ «ታሪኩ ደረሰ?» ይሉታል። በመጨረሻ አንባቢዋን ጠርቶ «ባለሙያ ሲመጣ ይሠራል፤ አንቺ ስትቀመጪበት ይጠፋል። ታዲያ ጥፋቱ የማን ነው?» አላት። ቀጥሎም «አንድ ጠጋኝ ደግሜ እጠራለሁ። እሱም ጤነኛ ነው ካለ ሌላ አንባቢ ከመፈለግ በቀር ምን ላድርግ?» አላት። እሷም ብትሆን በራሷ መጠራጠር ጀምራ ነበር። እኔን ከሁሉ ይልቅ የሚያሳዝነኝ ይኼ ነው፤ ሰው ደጋግሞ ጥፋተኛ ነህ ሲባል እጁን እያየ የጠፋውን ከራሱ ላይ ይፈልጋል።

ስድስት ቀን ሲቀር የእኛ ጠጋኝ መጣ። አጠር ያለ፣ ድምፁ ዝቅ ያለ፣ ሸሚዙ ኪስ ውስጥ አንዲት ጠመንጃ መፍቻ ብቻ የሰካ ሰው ነው። ክፍሉ በዚያ ቀን ከመቼውም ይልቅ ጸድቶ ነበር፤ እንጀራዋ የተንጠለጠለበት ነውና። ኃላፊው ከአጠገቧ ቆሟል። ጠጋኙ ማይኩን ሞከረ፤ ማይኩ እንደ ደወል ጥርት ብሎ ሰማ። የአንባቢዋ ፊት አመድ መሰለ።

ሰውዬው ግን ምንም የለበትም አላለም። ዞሮ እሷን አያትና «ሲጠፋ ያየሽው አንቺ ነሽ፤ እኔ አላየሁም። እስቲ ንገሪኝ» አላት። አየሽ፣ ከዚያ በፊት የመጡት ሁለቱ ማሽኑን እንጂ እሷን አልጠየቁም። ነገረችው፤ ሳያቋርጣት ሰማ። ከዚያ ሥራውን ጀመረ። ገመዱን ከጫፍ እስከ ጫፍ በጣቱ እየዳበሰ አጠፈው፤ ገመዱ ደኅና ነው። በሌላ ገመድ ሞከረ። ኮምፒውተሩ ኃይል ለመቆጠብ ዩኤስቢውን እያስተኛው ይሆናል ብሎ ጠረጠረና ያንን የማስተኛ ትእዛዝ አጠፋ፤ እዚያም ብልሽት ሲያጣ እንደነበረ አድርጎ መልሶ አበራው። እኔ ይህን ሰው የወደድኩት እዚህ ላይ ነው። ጠርጥሮ የነካውንና ንጹሕ ሆኖ ያገኘውን ወደ ቦታው ይመልሳል። አንድ ነገር ሳይጨርስ ሌላ አይነካም። ስንቱ ባለሙያ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ገለባብጦ፣ ሲሠራለት በምኑ እንደሠራ እንኳ ሳያውቅ ይሄዳል።

ከዚያ እጁን አጣጥፎ ጠረጴዛውን ተመለከተ። ማይኩ የተሰካው በቀጥታ ሲፒዩው ላይ አልነበረም። ከሲፒዩው ፊት ለፊት የተሰካ ባለ ሰባት ቀዳዳ የዩኤስቢ ማከፋፈያ ነበረ፤ ከሰባቱ በአንዱ ላይ ማይኩ ብቻውን ተሰክቷል።

«እህቴ፣ ለአንዲት ማይክ ሰባት ቀዳዳ ምን ያደርግላታል?» አላት።

አንባቢዋ ወደ መሳቢያው አየች፤ ከዚያ ወደ ኃላፊው፤ ከዚያ ወደ መሬት።

ጠጋኙ ገባው። «ለእኔ ክብር ብለሽ ያነሣሽውን ሁሉ ወደ ቦታው መልሺልኝ» አላት። «እኔ የጸዳ ጠረጴዛ መጠገን አልችልም። ሲጠፋ እንደነበረው አድርጊልኝ።»

መሳቢያውን ከፈተችው። ስድስት የስልክ ገመድ ወጣ። በዚያ ሰፈር መብራት በፈረቃ ነበር የሚመጣው፤ ያ ቤት ግን ጄኔሬተር ነበረው። ዓይነ ስውራኑ ስልካቸው እያነበበ ይነግራቸዋል፤ መንገድ ያሳያቸዋል፤ የደወለውን ሰው ይጠራላቸዋል። ቅጂ ሊወስዱ ሲመጡ ስልካቸው ሞቶ ይመጣል። «እባክሽ፣ ለመንገዴ የሚሆን ያህል ብቻ» ይሏታል፤ እሷም አንጀቷ አይችልም። የግድግዳው ሶኬት ሞልቷል። ስለዚህ ማከፋፈያውን ገዝታ ማይኩንም ስልኩንም አብራ ሰካች። ለኃላፊው ያልነገረችው ይከለክላቸዋል ብላ ፈርታ ነው።

በዚያ ሰዓት ኮሪደሩ አግዳሚ ላይ የሚጠብቁ ሰዎች ነበሩ። ጠጋኙ ስልካቸውን እንዲያውሱት ጠየቀ፤ አንባቢዋን ደግሞ «አንቺ አንብቢ፤ እኔን አትዪኝ» አላት። ማንበብ ጀመረች። መጀመሪያ ላይ ሰረቅ እያደረገች ታየው ነበር፤ ከዚያ ታሪኩ ያዛት። እሱ አንድ ስልክ ሰካና ጠበቀ። ሁለተኛ ሰካና ጠበቀ። ማይኩ ይሰማል። ሦስት፣ አራት፣ አምስት፤ ይሰማል። ስድስተኛውን ሲሰካ ኮምፒውተሩ ከላይ ወደ ታች የሚወርድ አጭር ድምፅ አሰማ፤ የማይኩ መብራት ጠፋ፤ ስሙም ከመሣሪያዎቹ ዝርዝር ላይ ተሰረዘ።

ከአግዳሚው ላይ አንድ አዛውንት «ይቺን ድምፅ ቀን በቀን እሰማታለሁ፤ ስልኬን ስትሰካልኝ ነው የምትመጣው» አሉ።

ኃላፊው ደንግጦ «ታዲያ አባባ፣ ምነው ሳይነግሩን?» አላቸው።

«ማን ጠየቀኝ?»

ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ እጁን አራግፎ ይወጣ ነበር። የእኛ ሰውዬ ስድስተኛውን ስልክ ነቀለ፤ ማይኩን መለሰ፤ አሁንም ሰካ፤ ማይኩ ጠፋ። ስልኩ ይሆናል ብሎ በሌላ ስልክ ሞከረ፤ ጠፋ። ያኔ ነው አፉን ሞልቶ የተናገረው። «ማይኩ አልደነቆረም። ኮምፒውተሩም አልካደውም» አለ። «በአንድ ቀዳዳ የሚመጣው ኃይል ትንሽ ነው። ስድስት ስልክ ሲስበው ለማይኩ የሚተርፍ የለም። የሚወድቀው ርቦት ነው። አንባቢያችሁም ማይካችሁም ጤነኞች ናቸው።»

ኃላፊው ወዲያው «እንግዲህ ከዛሬ ጀምሮ ስልክ የሚባል ነገር እዚህ ክፍል ድርሽ አይልም» አለ።

ጠጋኙ ራሱን ነቀነቀ። «ስልኩ እኮ ዓይናቸው ነው። እሷ ይህን አውቃ ነው ያደረገችው» አለ። ሲፒዩውን አዞረና ከጀርባው ካሉት ቀዳዳዎች አንዱን ለማይኩ ብቻ ሰጠው፤ በመሃል ማከፋፈያ የለ፣ ተጋሪ የለ። ከጄኔሬተሩ መስመር ደግሞ ወደ ኮሪደሩ ሽቦ ስቦ፣ አግዳሚው ራስጌ ላይ አንድ ዲቫይደር አሰረ፤ ሰዎቹ ስልካቸውን በየቻርጀራቸው ራሳቸው እየዳበሱ የሚሰኩበት። ኃላፊውም፣ ሰው ነውና፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት አንባቢዋን ይቅርታ ጠየቃት። እሷ አለቀሰች፤ ከዚያ ፊቷን ጠርጋ ወደ መጽሐፏ ተመለሰች። የጠፋውን ምዕራፍ ጨምራ፣ ለተማሪዎቹ ሦስት የማጥኛ ቀን አስተርፋ ጨረሰች። የቀዳችው ኮሪደሩ ላይ ስድስት ስልክ እየተንጫጫ ነው፤ ማይኩ ግን አንዲት ቃል አላመለጠውም።

አሁን ወደ አንቺ ልመለስ። ቢሮሽ ስትጠሪያት የምትመጣው ልጅ የጸዳው ጠረጴዛ ናት። መምህሬ ጠራችኝ ብላ ፊቷን ታብሳ፣ የተሰካባትን ሁሉ ለዚያች ደቂቃ ነቅላ መሳቢያዋ ውስጥ ከታ ትመጣለች፤ ስለዚህ ጥርት አድርጋ ትሰማሻለች። አንቺም ጤነኛ ናት ትያለሽ፤ ጤነኛ ከሆነች ደግሞ ንቃን ነው ትያላችሁ። ክፍል ስትመለስ ግን የተሰካባት ሁሉ ይመለሳል። ምን እንደሆነ እኔ አላውቅም። የታመመች እናት ትሁን፣ የምታሳድጋቸው ታናናሾች ይሁኑ፣ አንቺም አታውቂም። ርዕሰ መምህሩም አያውቅም፤ እሱ ግን ጽፏል።

አስተማሪ ሳለሁ እንዲህ ያለ ወረቀት እኔም ፈርሜ አውቃለሁ። ልጁ ቢሮዬ ሲመጣ የጠየቅሁትን ሁሉ ይመልስ ነበር፤ አናዶኝ ፈረምኩ። ሽባ አባቱን በየማለዳው አዝሎ ሐኪም ቤት እያደረሰ ወደ ክፍሌ ይመጣ እንደነበር የሰማሁት አባትየው ሲቀበሩ ነው። ዛሬም ሳስበው አፍራለሁ።

ስለዚህ ልጅቷን ቢሮ አትጥሪያት፤ አንቺ ቤቷ ሂጂላት። ቀድመሽ አትላኪባት፤ ከሰማች ታጸዳለች። ደርሰሽ ለአንቺ ብላ ነገር ልታነሣሣ ስትጀምር «ተይው፣ እንዳለ ይሁን» በያት። የተሰካባትን እዪ። ከእነሱ አንዱን እንኳ ንቀዪ አትበያት፤ አንጀቷ አይችልም፣ ባለመቻሏም ደግ አደረገች። ይልቅ ለእሷ ብቻ የምትሆን አንዲት ቀዳዳ ፈልጊላት፤ የማለዳ አንድ ሰዓት ትሁን፣ የቤተ መጻሕፍቱ ጥግ ትሁን፣ አንቺው ታውቂያለሽ።

በይ አሁን ሳይመሽ ሂጂ። እስክሪብቶሽን ግን እኔ ዘንድ ትተሽ ሂጂ፤ ከልጅቷ ቤት ስትመለሺ ትወስጂዋለሽ።