የእመ ደመና ካባ

በአንድ ወቅት፣ ያን ያህል ሩቅ ባልሆነ ወቅት፣ ሽሮ ሜዳ ዳገቱ ላይ ጋሽ ወንድይራድ የሚባሉ ካባ ሰፊ ነበሩ። ታሪኩን እስክጨርስ ማንም እንዳይፈርድ አደራ። ባለፈው የነገርኳቸው ሰዎች መሐል ላይ አቋርጠውኝ፣ እርስ በርስ ተሰዳድበው ነው የተለያዩት።

ጋሽ ወንድይራድ ሚስታቸው ከሞቱ በኋላ ከሁለት ልጆቻቸው ጋር ቀሩ። ትልቋ ትርሲት ጥልፍ ጠላፊ ናት። ከዚያ ሱቅ በሚወጣው ካባ ሁሉ ላይ የሚያብረቀርቀው የወርቅ ክር የእሷ እጅ ሥራ ነው። ሙሽሮቹ ግን «የጋሽ ወንድይራድ ካባ» ይላሉ እንጂ የእሷን ስም የሚያነሳ የለም። ታናሽ ወንድሟ ምንተስኖት መርፌ አይወድም። የእሱ ነገር ሥዕል ነው። ከልጅነቱ ጀምሮ ራሱ የፈጠራትን አንዲት ጀግና ሲስል ኖሯል። እመ ደመና ይላታል። የዋልያ ቀንድ ያላት፣ ደመናን እንደ ካባ ደርባ ከተራራ የምትወርድ፣ ግፈኛን የምትቀጣ ሴት ናት።

አዲስ አበባ ውስጥ በየዓመቱ ወጣቶች አንድ ትልቅ አዳራሽ ውስጥ ይሰበሰባሉ። ከፊልም፣ ከጌም ወይም ከሥዕል የወደዱትን ሰው መስለው፣ ልብሱንም ጋሻውንም በገዛ እጃቸው ሠርተው ይመጣሉ። ኮስፕሌይ ይሉታል። በዚያ ዓመት ታዲያ ሽልማቱ የዋዛ አልነበረም። አንድ ቲያትር ቤት ለአሸናፊው ልብስ ሠሪ በአልባሳት ክፍሉ ውስጥ ቋሚ የሥራ ቦታ እሰጣለሁ አለ። አንድ ቦታ፣ ለአንድ ሰው።

ምንተስኖት ይህን እንደሰማ እህቱ ዘንድ ሄደ።

«ቀንዱንና የደረቱን ጥሩር እኔ እሠራለሁ። ካባው ግን ያንቺን እጅ ይፈልጋል» አላት።

«እኔስ ምን አገኛለሁ?»

«እመ ደመናን የምትሆኚው አንቺ ነሻ! ለብሰሽ መድረክ ላይ የምትወጪው፣ ለዳኞቹ የምታስረጂውም አንቺ ነሽ።»

ትርሲት መርፌዋን አስቀምጣ አየችው። እስከዚያ ቀን ድረስ ሰው ስሟን ጠርቶ የትም አውጥቷት አያውቅም።

«ማልልኝ።»

«በእማዬ ነፍስ» አላት።

ሥራው ተጀመረ። ምንተስኖት ከመርካቶ አሮጌ የፍራሽ ስፖንጅ ገዝቶ አመጣ። እየቆረጠ፣ በካውያ እያሞቀ እያጎበጠ፣ በማስቲሽ እያጣበቀ ጥሩር ሠራ። ከትከሻው ላይ ወደ ላይ የሚወጡ ሁለት ረጃጅም ቀንዶችም ተከለበት። ጣቶቹ ተቃጠሉ፣ ተላጡ። ቀለም ሲቀባው ያ የፍራሽ ቁራጭ ብረት መሰለ፤ ያልነካው ሰው ብረት ነው ብሎ ይምላል። ትርሲት በበኩሏ ጥቁር ከፋይ ጨርቅ ጉልበቷ ላይ ዘርግታ መብረቅ ጠለፈች። ለደንበኞች የምትሠራው ሲያበቃ ወደዚህኛው ትዞራለች። እንዲህ ያለ ጥልፍ ከዚያ ቤት ወጥቶ አያውቅም፤ ይህን አባቷም አልካዱም።

አባትየው ግን ከመጀመሪያው ደማቸው ፈልቶ ነበር።

«ሙሽራ በምለካበት ክፍል ማስቲሽ ይሸታል! ቀንድ ያለው ነገር ደግሞ በር ላይ ቆሞ ሰው ያስደነብራል!» ይላሉ። ያልተቆጡበት ቀን አልነበረም። ሆኖም አልከለከሉም።

ዝግጅቱ ሲቃረብ አንድ ከሰዓት ምንተስኖት ከእህቱ ፊት ለፊት ተቀመጠ።

«ትርሲት፣ እኔ ልለብሰው ነው።»

«ምኑን?»

«ካባውን። ሁሉንም። ዳኞቹ ብዙ ይጠይቃሉ። አንቺ ሰው ፊት ስትቆሚ አፍሽ ይተሳሰራል። ሠርግ ላይ አንድ ቃል ተናገሪ ብለውሽ የሆንሽውን አይቻለሁ። ይሄ ነገር እንዲያመልጠን አልፈልግም።»

«እንዲያመልጠን ነው ወይስ እንዲያመልጥህ?»

ምንተስኖት ወደ ጥሩሩ ዞሮ ቀንዱን ያስተካክል ጀመር።

«ይተሳሰርብኛ!» አለች። «አፉ የኔ አይደለም?»

«ተመዝግቤያለሁ። ስሙንም ቀይሬዋለሁ። አባ ደመና ብዬዋለሁ።»

ትርሲት አላለቀሰችም። ያን ዕለት ብታለቅስ ኖሮ ምናልባት ነገሩ ሌላ ይሆን ነበር።

እዚህ ላይ ምንተስኖትን ለመስደብ የምትቸኩሉ ቆዩ። ያቺን ጀግና ከአእምሮው ያወጣት እሱ ነው። ጣቱ የተላጠው እሱ ነው። እህቱ ሠርግ ላይ ማይክ ይዛ ደርቃ መቅረቷም ውሸት አልነበረም፤ ዘመዱ ሁሉ አይቷል። የማለውም ግን እሱ ነው፣ ያውም በሞተች እናቱ ነፍስ።

በማግስቱ ምንተስኖት የጎደለ ቀለም ሊገዛ ወጣ። ትርሲት ካባውን ከመስቀያው አወረደች። ምላጭ አነሳችና ጥልፉን ከጫፍ ጀምራ ተረተረችው። መብረቁን ሁሉ አንድ በአንድ ፈታች። ክሩን ጠቅልላ ኪሷ ከተተችና ባዶውን ከፋይ መልሳ ሰቀለችው። መርፌ ያለፈበት ቦታ ሁሉ ተበሳስቶ፣ ጨርቁ ብል የበላው መስሎ ነበር።

ምንተስኖት ተመልሶ ሲያየው የያዘው ቀለም ከእጁ ወደቀ።

«ምን አድርገሽ ነው? ምን አድርገሽ ነው አንቺ?»

«ያንተን ጨርቅ አልነካሁም። የወሰድኩት የራሴን ነው።»

ግድግዳውን በቡጢ መታው። ጩኸቱን ሰምቶ ጎረቤት ደጅ ላይ ተሰበሰበ። ጋሽ ወንድይራድም ሜትራቸውን አንገታቸው ላይ እንዳንጠለጠሉ ከሱቁ ገቡ። ነገሩን ከሁለቱም ሰሙ። መጀመሪያ ወደ ወንድ ልጃቸው ዞሩ።

«ምለህላት ነበር?»

«ነበር።»

«በማን?»

ምንተስኖት አቀረቀረ። አባቱ ከዚያ በላይ አልጠየቁትም፤ ባዶውን ካባ በጣታቸው ዳሰሱና ወደ ሴት ልጃቸው ዞሩ።

«የፈረሰ ቃል በሽማግሌ ይታረቃል። ያለቀ ሥራ የሚተረትር እጅ ግን ከኔ ቤት ይወጣል ብዬ አስቤ አላውቅም! አላፈርሽም?»

«ያንተ ቤት?» አለች ትርሲት። «ከዚህ ቤት የወጣውን ጥልፍ ማን ጠለፈው አባዬ? አንድ ቀን፣ አንድ ቀን እንኳ፣ 'የልጄ ሥራ ነው' ብለህ ታውቃለህ?»

ሰው እየሰማ ነበር። የጋሽ ወንድይራድ ፊት ጠቆረ።

«ውጪልኝ!» አሉ።

ወጣች። የእናቷ እህት እትዬ ስንዱ ቤት ገባች።

ጋሽ ወንድይራድ ያን ያህል ሲጠሉት የነበረውን ልብስ ሊያድኑ የተነሱት ከዚህ በኋላ ነው። ለምን ቢባል፣ ንዴት ነው የሚሉ አሉ። ሱቁ ነው የሚሉም አሉ፤ ያን ጊዜ ሰው ሁሉ በማሽን የተጠለፈ ካባ እየገዛ የእሳቸው ደጅ ጭር ብሎ ነበር። በጠዋት ተነስተው ሳጥኑን ከፈቱና የሚስታቸውን የሙሽርነት ካባ አወጡ። ገና ወጣት ሳሉ፣ ሱቅ ሳይኖራቸው፣ ራሳቸው ሰፍተው ራሳቸው ጠልፈው ያለበሷቸው ነው። ሚስታቸው ሊሞቱ ሲሉ «ካባዬ ለትርሲት ነው፤ በሠርጓ ቀን ትልበሰው» ብለዋል። ያን ኑዛዜ አባትም ልጆችም በአንድነት ቆመው ሰምተውታል።

ጋሽ ወንድይራድ ካባውን ጠረጴዛው ላይ ዘረጉና መቀስ አነሱ።

«አባዬ፣ ይሄ እኮ የትርሲት ነው» አለ ምንተስኖት።

«የሰፋሁት እኔ ነኝ። ያዝ!»

ምንተስኖት ጨርቁን ያዘላቸው። አባቱ የካባውን ሁለት ትከሻ ለቀንዶቹ ማሳለፊያ ቀደዱት፤ ቀዳዳውንም ዙሪያውን በጥንቃቄ ዘመዘሙት። ጥሩሩ ላይ ሲደርቡት ለዚያው የተሰፋ ይመስል ልክክ አለ።

የዝግጅቱ ቀን አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቶ ነበር። ምንተስኖት መድረክ ላይ ሲወጣ ሰው ሁሉ ብድግ አለ። መብራቱ ካባው ላይ ሲያርፍ ያ አሮጌ ወርቅ ነደደ። ዋናዋ ዳኛ ከወንበሯ ተነስታ ቀረበች፣ ጫፉን በጣቷ ይዛ አየችው።

«ይህን ካባ የሠራው ማን ነው?»

«ቤተሰቤ» አለ ምንተስኖት።

ትርሲት ከኋላ ከበሩ አጠገብ ቆማ ነበር። አልሄድም ብላ ምላ ነበር የመጣችው። የራሷን ባዶ ከፋይ አያለሁ ብላ ስትጠብቅ የእናቷን ካባ አየች። ትከሻው ተቀዷል፤ በቀዳዳው ቀንድ ወጥቷል። ሰዉን እየገፋች አልፋ መድረኩ ላይ ወጣች። ማንም ሊያቆማት አልደፈረም። ማይኩን ከወንድሟ እጅ ወሰደች። አፏ አልተሳሰረም።

«ይህ የእናቴ ካባ ነው። ስትሞት ለኔ የተናዘዘችው ነው። አውልቅ!»

«ትርሲት፣ እባክሽ፣ ስጨርስ እሰጥሻለሁ።»

«አውልቅ አልኩህ!»

ምንተስኖት ቀንዶቹን አንድ በአንድ ነቅሎ ካባውን አወለቀ። ያ ብረት ይመስል የነበረ ጥሩር ብቻውን ሲቀር ስፖንጅነቱ ከሩቅ ታየ። ጋሽ ወንድይራድ ከተመልካቹ መካከል ተነሱ።

«ልጄ፣ ሰው ፊት አታዋርጂን!»

«ያዋረድኳችሁ እኔ ነኝ?» አለች፤ ካባውን አቅፋ ወረደች።

ዳኞቹ ብዙ ተንሾካሾኩ። በመጨረሻ ዋናዋ ዳኛ አባትየውንና ምንተስኖትን ጠርታ፣ ትርሲትንም ከበሩ አስመልሳ፣ ሦስቱንም ጎን ለጎን አቆመቻቸው። እርስ በርስ አልተያዩም።

«ከዚህ የተሻለ ሥራ ዛሬ አላየንም፤ ሽልማቱ የዚህ ልብስ ነው» አለች። «ቦታው ግን አንድ ነው። ማን እንደሚገባው እኛ መለየት አቃተን። ቤታችሁ ተነጋግራችሁ ሰኞ ጠዋት አንድ ስም ይዛችሁ ኑ። ካልተስማማችሁ ሁለተኛ ለወጣው እንሰጣለን።»

እሁድ እትዬ ስንዱ ቤት ተቀመጡ። የእድሩ ዳኛ ጋሽ መርዕድም ተጠርተው መጡ።

መጀመሪያ ምንተስኖት ተናገረ። «እኔ ባልፈጥራት እመ ደመና የምትባል የለችም። ቀንዱም ጥሩሩም የኔ ነው። መድረክ ላይ ቆሜ ሰው ያስነሳሁት እኔ ነኝ። ቃሌን አፍርሻለሁ፤ ለእሱ እግሯ ላይ እወድቃለሁ። ሥራዬን ግን በጥፋቴ አትቀሙኝም።»

ጋሽ ወንድይራድ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጀመሩ። «ዳኛዋ ከወንበሯ የተነሳችው ለቀንዱ ነው? ካባውን ዳስሳ ነው የጠየቀችው። ያ ካባ ከክሩ እስከ ዝምዝማቱ የእጄ ሥራ ነው። ሱቄ ሰው አጥቷል፤ እጄ ግን አልሞተም።» ከዚያ ድምፃቸው ከፍ አለ። «እኔ ባልደርስላችሁ እናንተ ሁለታችሁ ተናክሳችሁ ባዶ እጃችሁን ነበር የምትቀሩት!»

ትርሲት ካባውን ጉልበቷ ላይ አጥፋ ይዛለች። «አንተ ማልክና ካድከኝ» አለችው ወንድሟን። «አንተ ደግሞ ከሙት የተሰጠኝን ቀደድክብኝ» አለች አባቷን። «ዓመታት ሙሉ ሥራዬ በሌላ ስም ሲወጣ ዝም አልኩ። ያሸነፈው ካባ የኔ ነው፤ ያለ ፈቃዴ ነው የወጣው። አሁን የምጠይቀው ምጽዋት አይደለም።»

«የጠለፍሽውን እኮ በገዛ እጅሽ ተርትረሽዋል» አሉ ጋሽ መርዕድ። «መድረክ ላይ ከወጣው ልብስ ውስጥ ያንቺ አንዲት ስፌት አለችበት?»

«ምን ይላሉ እርስዎ!» ብለው እትዬ ስንዱ ከመቀመጫቸው ተነሱ። «የእህቴን ኑዛዜ በመቀስ የቆረጠ ሰው ሹመት ሊሰጠው ነው?»

«ልጁስ የፈጠረው?» አሉ ጋሽ መርዕድ።

«የካደውስ?»

ጎረቤቱ ገባ። አንዱ ለአባት፣ አንዱ ለልጅ፣ አንዷ ለሴቷ ጮኸ። እድሜ ልካቸውን አብረው የኖሩ ሰዎች በዚያ እሁድ ተኮራረፉ። ሲመሽ ሁሉም ወደየቤቱ ሄደ፤ ስም ግን አልተጻፈም። አባት፣ ወንድምና እህት በአንድ ክፍል ውስጥ ጀርባ ለጀርባ እንደተቀመጡ ቀሩ።

እንግዲህ አሁን ፍረዱ። ለሦስቱም ይገባል የሚል አፉን ይያዝ፤ ቦታው አንድ ነው። ለማናቸውም አይገባም የሚልም ይወቅ፤ እሱ እንዳለው ከሆነ ቦታው ከነሱ ያነሰ ሥራ ላመጣ ለማይታወቅ ሰው ይሄዳል። ነገ ሰኞ ነው። ጀግናዋን ፈጥሮ መሐላውን የበላው ምንተስኖት፣ የራሷን ሥራ አጥፍታ የእናቷን ካባ በአደባባይ ያስመለሰችው ትርሲት፣ ወይስ የሙት አደራ የሆነውን የእጃቸውን ሥራ ቀደው ቤታቸውን ያስከበሩት ጋሽ ወንድይራድ?

ብዕሩ በእናንተ እጅ ቢሆን የማንን ስም ትጽፉ ነበር?