የእማማ ዘርፌ ላት ግምት

ከወንዝ ወዲህ ባለው ጫካ ኑሮው የተደላደለ ነበር ይባላል፤ የተደላደለው ግን ለአንበሳው ነው። አንበሳው አንድ ቀን ጥሩ ምሳ በልቶ ሆዱ ራራና «ያረጀና ጉልበቱ የከዳው ሁሉ ውሃ እደጁ ድረስ ይቅረብለት» ብሎ አሳወጀ። ጦጣዎች በቅል እየቀዱ እንዲያመላልሱ ታዘዙ። የአዋጁ መጨረሻ ላይ ግን «አቅም ያለው እንደ አቅሙ ይክፈል» የሚል ነበረበት። አቅም ገማች ማን ይሁን ሲባል ጅብ ተሾመ። ሥጋን በዓይን መመዘን ማን እንደ እሱ ያውቃል?

እማማ ዘርፌ የምትባል አሮጊት በግ አዋጁን ስትሰማ እልል ብላ ነበር። ጉልበቷን ቁርጥማት ይዟት ወንዝ መውረድ ተስኗታል፤ ጤዛ እየላሰች ነው የምትውለው። ያላት ነገር ቢኖር ላቷ ብቻ ነው። ሌላው በጥጋብ ሲፈነጭ እሷ አቀርቅራ ግጣ ያጠራቀመችው ስብ ነው፤ በጋውን የሚያሻግራትም እሱ ነው።

አንበሳው ለአቅም ግምቱ ጉባኤ በጠራበት ቀን ጅቡ ከኋላዋ ቆሞ ላቷን በመዳፉ ከፍ ዝቅ አደረገው። ለሀጩ ጸጉሯ ላይ ይንጠባጠባል። ጉባኤተኛው ግን የመንግሥት ሥራ ነው ብሎ አለፈው።

«እማማ፣ ሀብታም ነሽ እኮ!» አለ ጅቡ።

«ኧረ አያ ጅቦ! ይቺ የበጋ ስንቄ ናት።»

«ሕጉ ስንቅ የሚባል አያውቅም። የፍየል ጅራት እስኪያክል ድረስ እየመጣሁ እቆርጥልሻለሁ። ያኔ ድሃ ትሆኚና ውሃው በነጻ ይመጣልሻል። ደግሞ አምና ለልጅሽ ሣርሽን ሰጥተሻል አሉ።»

«ጡቷ ደርቆ ግልገሏ ሊሞትባት ሆኖ ነዋ!»

«ብትበይው ኖሮ ላትሽ ከዚህ ይበልጥ ነበር። ስለዚህ እንደበላሽው ተቆጥሮ ትከፍያለሽ።»

ይሄኔ አንዲት ፍየል ከዳር ሆና «የግርማዊነታቸው ጎፈርስ ይገመታል ወይ? ለእሳቸውም ውሃ ይቀዳላቸዋል» ብላ ጠየቀች።

«ጎፈር ክብር ነው እንጂ ሀብት አይደለም» አለ ጅቡ። ፍየሏም ቁጭ አለች።

ዘርፌ ጉባኤውን ዞራ አየችው። ላሞቹ ያመሰኳሉ፣ ጦጣዎቹ ቅላቸውን ያያሉ። ሁሉም አስጠሏት።

«ውሃችሁ በአፍንጫዬ ይውጣ!» አለች። «እየዳህኩም ቢሆን እወርዳለሁ።» በጉልበቷ ተንበርክካ ወደ ወንዙ መዳህ ጀመረች።

«አያችሁ?» አለ ጅቡ፣ ወደ ጉባኤው ዞሮ። «መሄድ ትችላለች። እንግዲህ እርዳታ አያስፈልጋትም ማለት ነው።» በአንድ ድምፅ ጸደቀ።

ጅቡ ቁልቁል የሚወርደውን ጭር ያለ መንገድ ትንሽ ተመለከተና «ብቻዋንማ አትሂድ፤ እኔ እሸኛታለሁ» አለ። «ለሽኝቱ ደግሞ አላስከፍላትም።»

አንበሳው «እንዲህ ያለውን ሹም ያብዛልን» አለ። ፍየሏ ሳትቀር ሁሉም አጨበጨበ።

ዘርፌ ጭብጨባውን ከኋላዋ ሰማች። ጭብጨባው ሲቆም ደግሞ እያነከሰ የሚከተላት እርምጃ ሰማች።