የእመት አህያ ሕልምና የቀበሮ ግድግዳ

አንድ ጊዜ፣ እንደማታምኑኝ አውቃለሁ፣ ውሸት ከሆነ የቀሩኝ ሦስት ጥርሶች ይርገፉ፣ አንዲት አህያ ቆማ ታልም ነበር። አህያ ሁሉ ቆሞ ይተኛል፤ ይቺ ግን ቀትር ላይ ዓይኗን ስትከድን ሕልሟ ከጆሮዋ ሞልቶ ይፈስና ሜዳውን ያጥለቀልቀዋል። በዚያ ያለፈ ጥንቸል እስከ ጉልበቱ ይርስ ነበር።

ከሕልሟ ሁሉ የምትሳሳለት አንዱን ነው። ገና ጡት ሳትጥል ከጨው ነጋዴዎች ጋር ወርዳ የቀረችው እናቷ ትመጣለች። ነጭ ሜዳ ላይ ትሄዳለች፤ ሜዳው ጨው ይሁን ሰማይ አይለይም። ጀርባዋ ላይ የተጫነው ግን ጨው አይደለም፣ በጠፍር የታሰረ ደመና ነው። ስትራመድ ደመናው ጠብ ጠብ ይላል፤ በረገጠችበት ሁሉ ሣር ይበቅላል። ከዚያ ቀስ ብላ ዞር ትልና «ልጄ፣ በልተሻል?» ትላለች።

ክፋቱ፣ እመት አህያ የቀትሩን ሕልም ፀሐይ ሳትጠልቅ ትረሳዋለች። አንድ ቀን ሕልሙ የቀረ እንደሆነ የእናቷን መልክ ከወዴት ታመጣዋለች? ስለዚህ ልትጽፈው ቆረጠች። ዛሬ እናንተ በየስልካችሁ ብሎግ የምትሉትን፣ የዚያ አገር አውሬ በጭቃ ግድግዳ ላይ ነበር የሚጽፈው። እርጥብ ምርጊት ላይ ባለጥፍሩ በጥፍሩ፣ ባለሰኮናው በሰኮናው ይጭራል፤ አላፊ አግዳሚው ቆሞ ያነባል።

«አባ ኤሊ፣» አለች ለሽማግሌው ኤሊ፣ «የራሴን ግድግዳ ላቁም ወይስ ከሌላ ግድግዳ ልጠጋ?»

«የራስሽን ካልሽ ልጄ፣ ጭቃውን ከጭድ ጋር ሳምንት ሙሉ እየረገጥሽ ታቦኪያለሽ። ክዳን ትከድኛለሽ። ሲሰነጠቅ ትመርጊያለሽ። አንባቢም ቶሎ አይመጣልሽም።»

«ታዲያ ምን ይጠቅመኛል?»

«እኔ እንጃ። የኔ ቤት ይከብደኛል፤ ጀርባዬን ሰብሮኛል። ግን እስከ ዛሬ ውጣልኝ ያለኝ የለም።»

ይህን ሲሉ ጋሽ ቀበሮ ከቁጥቋጦ ውስጥ ብቅ አለ። የወንዙ መሻገሪያ ላይ ግድግዳ ነበረው፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ ለማየት ስንቅ ይያዛል።

«እመቴ! ምን በወጣሽ ጭቃ የምትረግጪ? አንቺ ማለም፣ አንቺ መጻፍ። ልስኑ በኔ፣ ክዳኑ በኔ፣ ጥበቃው በኔ! ውኃ ሊጠጣ የሚወርድ ሁሉ ያነብሻል።»

«ዋጋውስ?»

«ምን ዋጋ አመጣሽ? እህቴ አይደለሽም እንዴ!»

«ጠባቂውስ ማነው?»

«አያ ጅቦ ነዋ።»

የአህያዋ ጆሮ ቀጥ አለ። «ጅብ? የአህያ ጽሑፍ ሊጠብቅ?»

«ጽሑፍሽን ጠብቅ አልኩት እንጂ አንቺን ጠብቃት መች አልኩት? አንቺ ቀን ጽፈሽ ትሄጃለሽ፤ እሱ ሲመሽ ይረከባል። አትገናኙም።»

እመት አህያ ጭቃ መርገጡ ገና ሳትጀምረው አደከማትና እሺ አለች።

ክረምቱን ሙሉ ጻፈች። ቆቆች ጫጩቶቻቸውን አሰልፈው መጡ። ከርከሮ፣ ያ ፊቱ የማይፈታ ከርከሮ፣ አንብቦ ፈገግ አለ። ጉማሬ የእናቷን ሕልም አንብቦ ሲያለቅስ ወንዙ ሞልቶ ሁለት ቀዬ ይዞ ሄደ። ዋሸህ የሚለኝ ካለ ቀዬዎቹን ፈልጎ ያምጣልኝ!

ከዚያ ጳጉሜ ገባች። ለዓመት በዓል ግድግዳ እንደሚመረግ ማንም ያውቃል፤ እመት አህያ ብቻ ከሕልሟ ሳትነቃ ዘነጋችው። በእንቁጣጣሽ ጠዋት ብትመጣ፣ ግድግዳው እንደ እንቁላል ለስልሶ ቆሟል። አንዲት የሰኮና ጭረት የለችበትም።

«ጋሽ ቀበሮ! እናቴስ?»

«ከምርጊቱ ሥር ናት፤ የት ትሄዳለች?» አለ ቀበሮ ጭራውን እየላሰ። «በዓል ነው፣ ወጉ ነው። ክዳኑ አፈሰሰ? ልስኑ ረገፈ? ያልኩትን አጓደልኩ?»

«ሕልሜን መልስልኝ!»

«ሕልምሽማ ያንቺ ነው፤ ማን ከለከለሽ? ውሰጂው። ግድግዳዬን ብቻ እንዳትነኪብኝ።»

እመት አህያ እዚያው ቆማ ዓይኗን ከደነች። ነጩ ሜዳ መጣ። ደመናው መጣ፤ ጠፍሩ ማንም ሳይሸከመው አየር ላይ ይወዛወዛል። ሣሩ በኮቴ በኮቴ ይበቅላል፤ የሚረግጠው ግን የለም።

«መልኳ ጠፋኝ!» ብላ አናፋች።

«እኔ አልጠፋኝም!» አለ አንድ ድምፅ ከግድግዳው ጀርባ። ሌሊቱን ጠብቆ ገና ያልሄደው አያ ጅቦ ነበር። «የግራ ጆሮዋ ጫፉ ስንጥቅ። ሆዷ ሥር ነጭ። ጭኗ… ኧረ ጭኗ! ክብ፣ ድልብ! ክረምቱን ሙሉ እያነበብኩ ስጎመዥ ከርሜ እንዴት ይጠፋኛል?»

«አንተ ሆዳም፣ ዝም አትልም!» አለ ቀበሮ።

እመት አህያ ግን ወንዙን ዋኝታ ተሻገረች። ማዶ ላይ ጭቃውን ከጭድ ጋር ሳምንት ረገጠች። ግድግዳዋ ሲቆም ትንሽ ዘመም ያለ ነበር፤ አቅንቶ ለማንበብ አንገትን ማጣመም ግድ ይላል። ምርጊቱ ሳይደርቅ የሞላውን ወንዝ በመሐል አድርጋ ተጣራች።

«አያ ጅቦ! እስቲ ከመጀመሪያው፣ ቀስ ብለህ!»

እሱ በአንድ ቃል ሁለት ጊዜ ምራቁን እየዋጠ ይናገራል፤ እሷ በሰኮናዋ ትጭራለች። ጆሮዋ ገባ። ሆዷ ገባ። ጭኗ ሦስት ጊዜ ገባ።

«ዓይኗስ?»

«ዓይኗን አላውቅም። ከጭኗ መች አልፌ!»

እመት አህያ ተከዘች። ነገር ግን የቀረው ሁሉ ፊት ለፊቷ ቆሞ ሲታያት ዓይኖቹ በራሳቸው ጊዜ መጡ፣ የዝናብ ማግሥት ኩሬ የመሰሉ።

«መጨረሻ ላይ ምን ትል ነበር?» አለች በቀስታ።

«‹ልጄ፣ በልተሻል?› ነዋ የምትል። እኔን የጠየቀችኝ እየመሰለኝ ‹ኧረ አልበላሁም› እላት ነበር።»

ከዚያ ወዲህ የግድግዳዋ ክዳን ያፈሳል፣ ምርጊቱ ይሰነጠቃል፣ ወፍ ጎጆ ይሠራበታል። መጀመሪያ የመጡት አንባቢዎች ሁለት ቆቆች ነበሩ፤ አንዷም ትል ፍለጋ ነው። እመት አህያ ግን ጳጉሜ ሲቃረብ የምትሳሳለትን ሕልም በግድግዳው ጀርባ ደግማ ትጽፍና ፊቱን በገዛ ሰኮናዋ ትመርጋለች። ቀትር ላይ ዓይኗን ስትከድን እናቷ ደመናዋን እንደጫነች ትመጣለች።

እያደር የአገሩ አውሬ ወንዙን እየተሻገረ ያነባት ጀመር። ጋሽ ቀበሮ ይህን አይቶ ከነሎሌው ወንዙ ዳር ወረደና «የኔ ግድግዳ ምን ጎደለውና ነው?» ብሎ ጮኸ። አውሬው ሁሉ ይሉኝታ ይዞት ውኃ የሚጠጣ መሰለ። ይሉኝታ የማያውቀው አያ ጅቦ ግን ከጌታው ጎን ሆኖ አመለጠው፦

«ከዚህ የምንማረው፣ ሕልሙን በሰው ግድግዳ የጻፈ እናቱን ከጅብ አፍ ይለምናል!»