ትብለጥ፣ ምትኬ ወይስ አስረሳሽ

በአንድ ወቅት፣ ክረምት ሲገባ ወንዝ ዘመድን ከዘመድ በሚለይበት አገር፣ የውብዳር የምትባል ሴት የወር ሕፃኗን ቀብራ ቤቷን ዘግታ ተቀምጣ ነበር። ጡቷ እየሞላ ያሰቃያታል፤ የሚጠባላት ግን የለም።

ከወንዙ ማዶ ደግሞ እናናት የምትባል ወጣት ምጥ ጠናባት። አዋላጇ የቻለችውን ሁሉ ሞክራ፣ «ከሁለቱ የሚተርፈው አንዱ ብቻ ነው» አለች። እናናት የእናቷን የወይዘሮ ሽታዬን እጅ ይዛ፣ «ሴት ናት፤ ታውቆኛል። ከእኔ እሷ ትብለጥ» አለቻት። ለሽታዬ እናናት አንድያ ልጇ ነበረች። ሆኖም ወደ አዋላጇ ዞራ፣ «ሕፃኗን አትርፊ» አለች። እናናትን በማግስቱ ቀበሯት።

አባትየው ዘገየ ሕፃኗ በረሃብ ድምጿ ሲሰልል ሰማ። ከወንዙ ማዶ ሕፃኗ የሞተባት ሴት እንዳለች ሰምቷል፤ ወንዙ ግን ሞልቷል። ጎረቤቱ ሁሉ፣ «ሁለታችሁንም ይወስዳችኋል» ብሎ ለመነው። እሱ ግን ልጁን በጋቢ ጠቅልሎ ከራሱ በላይ ከፍ አድርጎ ገባ። የውብዳር ደጅ ሲደርስ ሕፃኗን ዘረጋላት።

«እናቷ የለችም። እባክሽ አጥቢልኝ» አላት።

የውብዳር ሕፃኗን ተቀብላ አጠባቻት። ማታ ባሏ ገብቶ አያት።

«የልጃችን አፈሩ ሳይደርቅ የሰው ልጅ ታጠቢያለሽ?»

«ታዲያ ትሙት?»

ባሏ በዚያው ሌሊት ጥሏት ወጣ፤ አልተመለሰም። በጣም አዘነች፤ ሕፃኗን ግን ከጡቷ አላላቀቀችም።

በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ስትነሳ ቄሱ የክርስትና ስሟን አወጡላት። የቀረው የቤት ስሟ ነው፤ በዚያ አገር ደግሞ ስም ያወጣ ያሳድጋል። ሽታዬ፣ ዘገየና የውብዳር ሦስቱም በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ከሽማግሌዎች ፊት ቆሙ።

«ትብለጥ ናት» አለች ሽታዬ። «ልጄ በሞቷ የሰጠቻት ስም ነው።»

«ምትኬ ናት» አለ ዘገየ። «ከሚስቴ የቀረችኝ እሷ ብቻ ናት።»

«አስረሳሽ» አለች የውብዳር። «የቀበርኩትን ልጄን ያስረሳችኝ እሷ ናት።» ወደዚያ ባዶ ቤት ብቻዋን መመለሱን ስታስበው ሕፃኗን ወደ ደረቷ አስጠጋች። ሕፃኗ እቅፏ ውስጥ ተኝታለች።

ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ለአንዱ ሲፈርዱ ሁለቱን ዳግም ሐዘን እንደሚያስቀምጧቸው ስለገባቸው ቀድሞ የሚናገር ጠፋ።

እስቲ እናንተ ፍረዱ፤ ልጇን የሰጠችው፣ ነፍሱን ለወንዙ ሙላት ያጋለጠው፣ ወይስ ጡቷንና ትዳሯን የሰጠችው? ይህች ሕፃን ማን ተብላ ትጠራ?