ዘጠኙ ድንጋዮችና አሥረኛው

አንድ መርዕድ የሚባል ኬሚስት ነበር። የሚሠራበት የነዳጅ ጉድጓድ አርጅቶ ምርቱ ከቀን ወደ ቀን እየነጠፈ ሄደ። ነዳጁ አላለቀም፤ ከመሬት በታች ካለው አለት ጋር ተጣብቆ አልወጣም ብሎ ነው። ጉድጓዱ ሊዘጋ ነው የሚል ወሬ ሲሰማ፣ ሁለት መቶ ሠራተኞች ዓይናቸውን በመርዕድ ላይ ጣሉ።

መርዕድም ሳሙና የድስት ቅባት እንደሚያላቅቅ፣ ነዳጅን ከአለት የሚያላቅቅ ኬሚካል ቀመመ። ነዳጅ የጠጡ አሥር ድንጋዮችን በከርሰ ምድሩ ሙቀት ልክ እያሞቀ፣ ኬሚካሉን በግፊት እያሳለፈባቸው ሁለት ዓመት ሞከረ። ዘጠኙ ድንጋዮች ነዳጃቸውን ለቀቁ። በአሥረኛው ውስጥ ግን ኬሚካሉ ረግቶ ቀረ፤ ጠብታ እንኳ አልወጣም።

ኬሚካሉን የምትበጠብጠው ባልደረባው ትርሲት ሙከራው እንዲደገም ለመነችው። ለመድገም አርባ ቀን ያስፈልጋል። መርዕድ ግን ምሥራቹን አስቀድሞ ለሠራተኞቹ ነግሯል፤ ሚስቶቻቸው መንገድ ላይ ሲያገኙት ይመርቁታል።

«ዘጠኝ ምስክር አንድ ቃል ሲናገር አንዱ ቢክድ፣ ማንን ታምኛለሽ?» አላት።

«ጋሼ፣ ዘጠኙ እኮ ከሌላ ቦታ የመጡ ናቸው። ከራሱ ከጉድጓዳችን የወጣው ይህ አንዱ ብቻ ነው፤ በውስጡ ያለው ጨዋማ ውሃም የጉድጓዳችን ነው።»

እውነቷን እንደሆነ ልቡ ነገረው። ሆኖም ብዕሩን አንሥቶ «አሥረኛው ድንጋይ ስንጥቅ ስለነበረበት ተጥሏል» ብሎ ጻፈ።

ኬሚካሉ ወደ ጉድጓዱ ገባ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ምርቱ ጨመር ብሎ ሰው ሁሉ ተደስቶ ነበር። በስድስተኛው ሳምንት ግን የከርሰ ምድሩ ጨው ኬሚካሉን እንደ እርጎ አረጋውና ጉድጓዱ ታነቀ፤ ዳግመኛም አልተከፈተም። ሠራተኞቹ ዕቃቸውን በመኪና ጭነው በየአቅጣጫው ተበተኑ።

አጣሪዎች መጥተው ሲጠይቁት መርዕድ ፈራ። ምናልባት አበጣበጡ ላይ ስሕተት ተፈጥሮ ይሆናል አላቸው። የበጠበጠችው ትርሲት ነበረችና ከሥራ ተባረረች። ስትሄድ አልወቀሰችውም፤ ነጭ ጋዋኗን አጣጥፋ ወንበሩ ላይ አኑራ ወጣች።

ከዚያ ወዲያ እንቅልፉ እንቅልፍ፣ ምግቡም ምግብ አልሆነለትም። በአራተኛው ዓመት እውነቱን አንድም ሳያስቀር ጽፎ ለመሥሪያ ቤቱ ሰጠ፤ ግልባጩንም ለትርሲት ላከላት። ቀጥሎም ኬሚስትሪ ወደምታስተምርበት ከተማ ሄዶ፣ ሽበቱን ይዞ ከፊቷ ቆመ።

«ደብዳቤዎን አንብቤዋለሁ፤ እኔ ይቅር ብያለሁ» አለችው። ቀጥላም፦ «የእነዚያን የሁለት መቶ ሰዎች ይቅርታ ግን ከእኔ አያገኙም።»

መርዕድ እነሱንም ሊፈልግ ተነሣ። ያገኘው አሥራ አንዱን ብቻ ነው።

ሰው የሚወደውን መልስ ሲያገኝ መጠየቁን ይተዋል፤ የማይወደውን እውነት የነገረውንም ስንጥቅ አለበት ብሎ ይጥለዋል። ጥፋቱ ሲገለጥ ማዘኑ አይቀርም። ነገር ግን ለመድገም አርባ ቀን የነፈግነውን ነገር፣ በቀረው ዕድሜያችን ስንጸጸት ብንኖር አናቃናውም።

እርስዎስ፣ ደስታዎን እንዳያደፈርስብዎ ብለው ወደ ጎን ያሉት የማን ቃል ነው?