የጥሩአየር ጠመንጃ ቀለበት ያሰረ ዕለት

ተረት ተረት! በሉ፣ «የጦጣ ጥርስ፣ የማሽላ እሸት!» በሉኝ። እንዲያ ነው። አፉን የሚያልጎመጉም ካለ ወደ በሩ ይጠጋ፤ እኔ ለዝምተኛ አልተርትም።

ድሮ፣ ዕቃ ሁሉ አፍ በነበረው ዘመን፣ በቆላ አገር ጥሩአየር የምትባል ሴት ነበረች። እርሻዋ ከገደል አፋፍ ላይ ነው። ከእርሻው ጥግ አንዲት መደብ ዘንጋዳ ማሽላ አለቻት፤ ከእናቷ የወረሰችው ዘር ነው፣ ሌላ የትም የለ። እሱ ከጠፋ ለከርሞ የምትዘራው የላትም። ጥሩአየር ጎበዝ ናት፤ ኩራቷ ግን ከቁመቷ ይረዝማል። ምን ያስቃችኋል? እናንተ ዘንድ እንዲህ ያለ ሰው የለም?

ከገደሉ ሥር ደግሞ እመት ጦጢት ከነዘመዶቿ ትኖራለች። ጠዋት ትወጣለች፣ ትቀጥፋለች። ቀትር ላይ ትወጣለች፣ ትቀጥፋለች። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ትወጣለች፣ ትቀጥፋለች። ጥሩአየር ድንጋይ ስትወረውርባት ድንጋዩን ቀለብ አድርጋ፣ «ለጉልቻ ይሆነኛል፤ እግዜር ይስጥልኝ!» ትላለች።

ጥሩአየር ንድድ አላትና ገበያ ወርዳ አዲስ የአየር ጠመንጃ ገዛች። ባሩድ የማይበላ፣ አየር ጎርሶ እርሳስ የሚተፋ ጠመንጃ ነው። ሩቁን የምታቀርብ መነጽርም ገዛች። ነጋዴው መነጽሯን ከጠመንጃው ጀርባ ላይ የሚያስሩ ሦስት ጥንድ ቀለበቶች በከረጢት ሰጥቶ፣ «የሚስማማሽን ምረጪ» ብሎ ሸኛት።

ጦጢት ጠመንጃውን ስታይ ልቧ ደነገጠ፤ ፊቷ ግን ሳቀ። ጦጣ አይደለች?

«እሜቴ ጥሩአየር፣ እንወራረድ» አለች። «እዚያ ሾላ ላይ ቅሌን እሰቅላለሁ። ሦስት ጠዋት፣ ሦስት ጥይት። ከመታሽው እኔም ዘመዶቼም ገደሉን ተሻግረን እንሄዳለን። ከሳትሽው የዘሩ መደብ የእኛ ነው።»

«ይሁን!» አለች ጥሩአየር፣ ሳታስብ። ኩራት መች ያሳስባል?

ጦጢት ቅሏን እያለከለከች ተሸክማ ሰቀለችው። ለዘመዶቿም፣ «የውርርድ ቅል ነው፤ የነካው እጁ ይድረቅ!» ብላ አስጠነቀቀች። ቅሉም ከላይ ሆኖ፣ «ቅል ባገሩ ድንጋይ ይሰብራል!» ብሎ ፎከረ።

ጥሩአየር ቤቷ ገብታ ከረጢቱን ዘረገፈችው።

«እኔ ስተኩስ ወደ ኋላም ወደ ፊትም እራገጣለሁ» አለ ጠመንጃው። «ሚስቴን አጥብቆ የሚይዝልኝ ቀለበት ይፈለግ።»

«ሚስቴ?» አለች መነጽር። «ገና ቀለበት ሳይታሰር! ባለጌ!»

ከከረጢቱ ሥር አንድ ጎባጣ ቁልፍ ወድቆ ነበር፤ የቀለበቶቹ ብሎን የሚጠብቅበት ነው። «ልጄ፣ ከመምረጥሽ በፊት...» ብሎ ሲጀምር ጥሩአየር፣

«ዝም በል አንተ ጎባጣ! መጀመሪያ የራስህን ወገብ አቅና!» አለችው።

ረጃጅሞቹ መንትያ ቀለበቶች ተንጠራርተው ተነሡ። «እኛ ላይ የወጣች መነጽር አገር ምድሩን ታያለች!» አሉ።

ጦጢት በመስኮት ብቅ አለች። «ውይ እሜቴ! ለባለ ርስት የሚገባ ይኼ ነው። አጭር የሚመርጥ ምን ያለ ሰው ነው?»

ጥሩአየር ረጃጅሞቹን አሰረች። ጠዋት ጠመንጃውን ስታነሣ ጉንጯ ሰደፉ ላይ ከተኛ ዓይኗ መነጽሯ ላይ አይደርስም፤ ዓይኗ ከደረሰ ጉንጯ ማረፊያ የለውም። ውኃ እንደምትጠጣ ዶሮ አንገቷን አንጋጣ፣ እየተወዛወዘች ቃታውን ሳበች። ጧ! ጥይቱ ከቅሉ በላይ አለፈ።

«አሁን ያለፈው ማነው?» አለ ቅሉ። «ዝንብ ነው?»

በማግስቱ የሚያብለጨልጩት መንትዮች ተነሡ። ቁመታቸው ደህና ነው፤ ገላቸው ግን እንደ መስተዋት ለስላሳ ነው። ጦጢት በመስኮት፣ «ወይ ውበት! ወይ ሙሽራ!» ብላ እልል አለች።

«ልጄ፣ ጥርስ አላቸው ወይ ብለሽ ጠይቂ» አለ ጎባጣው ቁልፍ።

«ቀለበት ጥርስ ምን ያደርግለታል? ሊያኝክ ነው?» አለችና አሰረቻቸው።

ልትለማመድ አንድ ተኮሰች፤ ጠመንጃው ሲራገጥ መነጽሯ አንድ ጣት ተንሸራተተች። ደግማ ተኮሰች፤ ደግማ ተንሸራተተች። ጥሩአየር አይታ እንዳላየች ሆነች። የውርርዱ ሰዓት ደርሶ ሦስተኛውን ስትተኩስ መነጽሯ ተስፈንጥራ ቅንድቧን አለቻት!

«ይቅር በይኝ እሜቴ፣ ባሌ ገፍትሮኝ ነው!» ብላ መነጽር ጮኸች።

ጥይቱ ወደ ጎን ሄዶ አንድ የሾላ ፍሬ ጣለ። ጦጢት ፍሬውን አንሥታ ጎረሰች። «እሜቴ፣ ቁርሴንም ጨመርሽልኝ?»

ጥሩአየር ቅንድቧ አብጦ ከዘንጋዳው መደብ ጎን ተቀመጠች። አንዱን ዛላ በእጇ ያዘችው። እናቷ ይህን ዘር በራብ ዘመን እንኳ ሳትቆረጥመው፣ በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ነው ያስረከበቻት። አንዲት የውርርድ ጥይት ቀርታለች። ከዚያ በኋላ ጦጣ ይበላዋል። በምኔ ልኩራ? በረጅሙና በሚያብለጨልጨው?

ተነሥታ ቤቷ ገባች። ቁልፉን ከመሬት አንሥታ አቧራውን ጠረገችለት።

«አባ ጎባጤ፣ እርስዎ ምን ይላሉ?» አለች። ሰማችሁ? «አንተ» ስትል የነበረችው «እርስዎ» አለች። ቅንድብ ሲመታ ምላስ ይቀናል።

«ወገቤ የጎበጠው እኮ ስንቱን ጋብቻ ሳስር ነው» አለ ቁልፉ። «እነዚያን ጥቋቁሮቹን አምጪ።»

ሦስተኞቹ መንትዮች ከጥግ ቁጭ ብለዋል። ረጅምም አጭርም አይደሉም፤ አያብለጨልጩም። ከአንዱ ሆድ ሥር ግን አንዲት ጥርስ ወጣ ብላለች።

«እስከ ዛሬ ምነው ዝም አላችሁ?» አለች ጥሩአየር።

«የጠየቀን የለማ!»

ጥርሷ ከጠመንጃው ጀርባ ካለች ቀዳዳ ገብታ ቀጥ አለች። «ውይ! ያ ቀዳዳ ለዚህ ኖሯል?» አለ ጠመንጃው። «እኔ እኮ ሲሠሩኝ ተሳስተው የበሱኝ መስሎኝ አፍሬበት ነበር።» ጥሩአየር በመነጽሯ ግንባርና በጠመንጃው መሃል አንድ ብጣሽ ወረቀት ብትሰድ አለፈላት፤ አይነካኩም። ጉንጯንም ሰደፉ ላይ ብታሳርፍ ትራስ አገኘ።

ያኔ ጦጢት በመስኮት ብቅ አለች። ፊቷ አልሳቀም። «እሜቴ፣ አንዱን ብሎን ብቻ እስኪያለቅስ አጥብቂው! ሌላው ራሱ ይከተላል!»

ክፉ ልማድ ቶሎ አይለቅም፤ ጥሩአየር አንዱን ጥብቅ አደረገችው።

«ዓይኔ! ዓይኔን አጣመምሽው!» ብላ መነጽር አለቀሰች።

«ልጄ፣» አለ ቁልፉ፣ «የአንዱን ወገን አቤቱታ ብቻ ሰምቶ የሚፈርድ ሽማግሌ ምን ይባላል?»

«ጉቦኛ።»

«እንግዲያስ ፍቺው። ከዚህ ትንሽ፣ ከማዶው ትንሽ። ዞረሽ ከዚህ ትንሽ፣ ከማዶው ትንሽ።»

ከዚህ ትንሽ፣ ከማዶው ትንሽ አጠበቀች። ለመለማመድ ሦስት ጊዜ ብትተኩስ መነጽሯ እንደ ሙሽራ ቁጭ አለች፤ ንቅንቅ የለ።

ሦስተኛው ጠዋት ጦጦች ሁሉ ከሾላው ሥር ተሰበሰቡ። ጥሩአየር ጉንጯን አሳረፈች፣ ትንፋሿን ዋጠች፣ ቃታውን ሳበች። ጧ!

«ወይኔ አገሬ!» አለ ቅሉ፣ ሁለት ቦታ ተሰንጥቆ።

ከሆዱም የዘንጋዳ እሸት ፍስስ አለ። አንድ ቁና ሙሉ! ጦጢት ከዘመዶቿ ደብቃ ያከማቸችው ነው፤ የውርርድ ቅል ማን ይነካል ብላ ከሁሉ ፊት ሰቅላው ነበር።

የጦጦቹ አሮጊት እሸቱን አየች፣ ጦጢትን አየች። «እመት ጦጢት! ትናንት በባዶ ሆዴ ስተኛ፣ 'እኔም ጦሜን ነኝ' ብለሽኝ አልነበር?»

«እሱ... እሱ ቅሉ ራሱ...» ብላ ሳትጨርስ ጅራቷን ያዟት! አመለጠቻቸው፤ እየተሯሯጡ ተከተሏት። ገደሉን የተሻገሩት በውርርዱ ይሁን እሷን በማባረር፣ እስከ ዛሬ አልታወቀም። ብቻ አልተመለሱም።

ጥሩአየር የፈሰሰውን እሸት ለቅማ ለጎረቤቶቿ ጠብሳ አበላች። ዘሩ በደረሰ ጊዜ ከእናቷ እንደተማረችው በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረችው፤ አባ ጎባጤንም አብራ ቋጠረቻቸው፣ የሚከበር ከሚከበር ጋር ይደር ብላ።

እናንተም ልጅ የምትድሩ፣ ዕቃ የምትገጥሙ፣ ስሙኝ፦ ቀለበት በልክ እንጂ በመልክ አይታሰርም።

ተረቴን መልሱ፤ አፌን በእሸት አብሱ። ጦጣ ያስተረፈላችሁ እንደሆነ።