የበረዶ ወዳጆች ማኅበር

አንድ ጊዜ፣ ደመና ከእግር በታች በሚያልፍበት ከፍ ያለ ተራራ ላይ፣ ሰማይ ማየት የሚወዱ እንስሳት ማኅበር አቋቁመው ነበር። ሊቀመንበሩ ጭላዳ ዝንጀሮ ነው፤ አፋፍ ላይ ተቀምጦ ሣር እየነጨ ሲያንጋጥጥ ይውላል። ቁራ እየበረረች ወሬ ታመጣለች። ቀበሮ አፍንጫውን ወደ ነፋሱ አዙሮ ይተነትናል። ጅብም አባል ነው። ስለ ሰማይ የሚያውቀው ነገር የለም፤ ግን ከባድ በረዶ በጣለ ማግስት የሞተ እንስሳ እንደማይጠፋ ሰምቷል። የሞተ እንስሳ ደግሞ አይራገጥም።

ከዕለታት ባንዱ ቁራ እያለከለከች መጣች።

«ጉድ ነው! ከሰሜን በኩል የተቆለለ ደመና እየገሰገሰ ነው!»

ማኅበሩ በእልልታ ተናወጠ። ጭላዳ ደረቱን ነፋ። «እኔ ምን አልኳችሁ! በዕድሜያችን ያላየነው በረዶ ሊጥል ነው። ጉልበት ድረስ ያሰጥማል!»

«ትንሽ አይጨመርበትም፣ ጋሽ ጭላዳ?» አለ ጅብ፣ ምራቁን እየዋጠ።

«ሊጨመር ይችላል» አለ ቀበሮ። «ላይጨመርም ይችላል።» የቀበሮ ትንበያ ስቶ አያውቅም፤ ሁልጊዜ ሁለቱንም ነዋ የሚናገረው!

እዚያው አቅራቢያ የምትኖር አህያ ጩኸቱን ሰምታ መጣች። ውርንጭላዋ ገና መወለዱ ነው፤ ጉልበቱ አልጠናም። ወደ ቆላ የሚያወርደው መንገድ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም የገደል ጫፍ ይዞ የሚሄድ ቀጭን መንገድ። በረዶ ከጣለ ይዘጋል፤ ተራራው ላይ ከቀሩ ልጇን ብርድ ይገድለዋል። በረዶው የማይመጣ ከሆነ ደግሞ ያን የሚንቀጠቀጥ እግር በገደል ማስኬድ ትርፉ ጸጸት ነው።

«እባካችሁ ወገኖቼ፣ ቁርጡን ንገሩኝ» አለች። «ልውረድ ወይስ ልቆይ?»

«ጥሩ ጥያቄ ነው» አለ ጭላዳ፣ ዓይኑን ከሰማይ ሳይነቅል። «ነገ ጠዋት የሚመጣው ወሬ የበለጠ አስተማማኝ ይሆናል።»

በማግስቱ ቁራ አንገቷን ደፍታ ተመለሰች። ደመናው ሳስቷል፤ ወደ ምሥራቅም አዘንብሏል። ማኅበሩ ሐዘን ተቀመጠ። ጭላዳ ራሱን ይዞ «ወይኔ! ስንት የደከምንበት በረዶ!» አለ። ጅብ ከልቡ አለቀሰ፤ የጀመረውን አጥንት «ነገ ሥጋ አለ» ብሎ ለቀበሮ ሰጥቶት ነበር።

አህያ ግን ተንፈስ አለች። «እንግዲያው ቀረልን ማለት ነው?»

«አትቸኩዪ፣ እመት አህዪት» አለ ቀበሮ፣ አጥንቱን እየጋጠ። «ከሰዓት በኋላ ሌላ ወሬ አለ።»

ከሰዓት በኋላ ደመናው እንደገና ወፈረ። ነፋሱ መንከስ ጀመረ። የማኅበሩ አባላት ተቃቅፈው ሲጨፍሩ አህያ ቆማ አየቻቸውና ግራ ገባት።

«እናንተስ የት ልትጠለሉ ነው?» ብላ ጠየቀች።

ጭፈራው ቆመ። ጭላዳ ቁራን አየ፤ ቁራ ጭላዳን አየች።

«መጠለል?» አለ ጭላዳ፣ እንደ ስድብ ቆጥሮት። «እኛ እኮ ተመልካቾች ነን!»

ጅብ ጠጋ አለና ድምፁን አለሰለሰ። «የትም እንዳትሄጂ፣ እመት አህዪት። ልጁን መንገድ ላይ ብርድ ይመታዋል። እኔ ደጃፋችሁ ላይ ቆሜ እጠብቃችኋለሁ።» ይህን ሲል ለሃጩ መሬት ነካ።

አህያ ከዚያ ወዲያ ትንበያ አልጠየቀችም። በረዶው ለማኅበሩ ደስታ፣ ለጅብ ራት፣ ለልጇ ግን ሞት ነው። «ውረጂ» የሚል ቃል ከእነዚህ አፍ እንደማይወጣ ገባት። ውርንጭላዋን ከፊት አድርጋ ቁልቁል ጀመረች።

ጅብ ማደሪያዋ ሲደርስ ባዶ ሆኖ አገኘው። «ሄደች እኮ!» ብሎ ጮኸ።

«ትመለስ ይሆናል፤ ላትመለስም ትችላለች» አለ ተከትሎት የመጣው ቀበሮ። «ሌላ እንዳይቀድምህ እዚሁ ጠብቃት፣ አያ ጅቦ። ዋሻህን እኔ እጠብቅልሃለሁ።» ጅብ የሰማው «ትመለስ ይሆናል» የሚለውን ብቻ ነው። ቀበሮም ሄዶ ሞቃቱ ዋሻ ውስጥ ተጠቀለለ።

እናትና ልጅ መንገዱን ሳያጋምሱ በረዶው ወረደ። ውርንጭላው አዳለጠውና የፊት እግሮቹ ገደሉ ላይ ተንጠለጠሉ። አህያ ጋማውን በጥርሷ ይዛ ጎተተችው። እንደዚያን ዕለት ፈርታ አታውቅም። «አትቁምብኝ ልጄ! እግርህን ብቻ አንሳ!» እያለች ከኋላው በአፍንጫዋ ገፋችው። የረገጡት መንገድ ወዲያው ነጭ እየለበሰ ጠፋ። ቢሆንም ሞቃቱን የቆላ መሬት በሕይወት ረገጡ።

በረዶው ቀልጦ መንገዱ ሲከፈት ጭላዳና ቀበሮ ወደ ቆላ ወረዱ። ጭላዳ በብርዱ ብዛት ጅራቱ አልታዘዝ ብሎታል፤ ፊቱ ግን ሙሽራ መስሏል።

«ሰማሽ፣ እመት አህዪት? ትንበያዬ ልክ ነበር!»

«የእኔም ልክ ነበር» አለ ቀበሮ።

«አያ ጅቦስ ደህና ነው?»

«እሱማ ማደሪያሽ ደጃፍ ላይ እንደቆመ ደርቆ ቀረ» አለ ጭላዳ። «ግን ለማኅበሩ ትልቅ ውለታ ዋለ። ንቅንቅ ስላላለ የበረዶውን ከፍታ በእሱ ለካን። በመጨረሻ ጆሮው ብቻ ነበር የሚታየው!»

አህያ ለጠላቷ እንኳ ሆዷ ባባ። «ለመሆኑ ከዚያ ውጣ ብሎ የጠራው አልነበረም?»

ጭላዳ በጥያቄዋ ተገረመ። «እየለካን እኮ ነበር!» አላት።

ከዚህ የምንማረው አደጋን እንደ ድግስ የሚናፍቁ ሰዎች መምጫውን በትክክል ቢነግሩን እንኳ፣ የምናመልጥበትን መንገድ ግን እነሱን ሳንጠብቅ፣ ሳይዘጋብን ራሳችን መጀመር እንዳለብን ነው።